አዲሱ ጉልበቴ ከ14 ወር በኋላ

ቀኝ ጉልበቴ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከተተካ 14 ወር ሆነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያነበብኩት አብዛኛው ጽሑፍ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያልቃል። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ነበር።

ከዋናው ልጀምር። ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ሕመም የለም። አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ የነበረው ውጋት አልተመለሰም። የቁስሉ ሕመም ሌላ ነው፤ በርትቶብኝ ነበር፣ ከሳምንት ሳምንት ቀነሰ። እብጠቱና ሙቀቱ ግን ወራት ቆይተዋል።

አሁን የጭኔ አጥንት ጫፍ ኮባልት ክሮም የተባለ ብረት ለብሷል። ታች ታይታኒየም አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ ልም አጥንቱን የተካ ጠንካራ ፕላስቲክ። ደረጃ ስወርድ «ቀጭ» ይላል። መጀመሪያ የተፈታ ነገር ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሐኪሜ ብረቱና ፕላስቲኩ ሲነካኩ ነው፣ ሕመም እስካልመጣ አያሳስብም አለኝ።

ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ ድንዛዜውን ነው። ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ነበር፤ አንሶላ ሲነካው አይታወቀኝም። ለቆዳው ስሜት የምትሰጥ ቀጭን ነርቭ ቢላው በሚያልፍበት መስመር ላይ ስላለች ነው። ቦታው እየጠበበ መጥቷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። በዚያ ጉልበት መንበርከክም ይከብደኛል።

ትልቁ ትግል ማጠፉ ነው። በሦስተኛው ሳምንት 70 ዲግሪ ላይ ቆምኩ። ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት ደግሞ ከ90 በላይ ያስፈልጋል። ፎጣ እግሬ ላይ አዙሬ ተረከዜን ወደ መቀመጫዬ ስስብ እንባዬ ይመጣ ነበር። በረዶ፣ ማስታገሻ፣ እንደገና መሳብ። ውስጡ ያለው ጠባሳ ከጠነከረ ማደንዘዣ ሰጥተው የሚያጥፉበት ጊዜ አለ። እዚያ ሳልደርስ ዛሬ 115 ገብቻለሁ። እባካችሁ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ አትዝለሉ።

የምፈራው ኢንፌክሽንን ነው። የሚያጋጥመው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ግን ከዓመታት በኋላም በደም በኩል ሊደርስ ይችላል። ጉልበቴ ድንገት ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ፈሳሽ ቢያወጣ በራሴ አንቲባዮቲክ አልጀምርም፤ ናሙና ሳይወሰድ ከተዋጠ ተህዋሲውን መለየት ያስቸግራል። ቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

ዕድሜውስ? እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጡ ሁለት ጥናቶች ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 ከመቶ ያህሉ፣ ከዳሌዎች ደግሞ 58 ከመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚዘልቁ ገምተዋል። ሆኖም ጉልበት ካስቀየሩ አምስት ሰዎች እስከ አንድ የሚሆኑት በውጤቱ አይረኩም። ዳሌውን ያስቀየረ ጓደኛዬ በሦስት ወር ረስቶታል፤ እኔ የራሴን የረሳሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ግራዬም መታመም ጀምሯል። ጊዜው ሲደርስ አስቀይረዋለሁ። የጭን ጡንቻዬን ማጠንከር ግን ዛሬውኑ ጀምሬያለሁ፤ በቀኙ ጊዜ ሳላስበው ያለፈኝ እሱ ነበር።