የቀፊራ «የኩላሊት ጠጠር ሻይ»፦ ቅጠሉ ይገዛ፣ ዱቄቱ ይቅር

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ከቅመም ሻጮቹ መደዳ፣ ለኩላሊት ጠጠር ተብሎ ሁለት ዓይነት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ቅጠሉ እንዳለ ነው፦ ጦስኝ፣ ናና፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ የእንስላል ዘር፣ እያንዳንዱ ለብቻው። ሌላው በፌስታል የተቋጠረ፣ ምን ምን እንደገባበት ያልተጻፈበት አረንጓዴ ዱቄት ነው። ቅጠሉን መርጠው ቢገዙ ደግ ነው። ዱቄቱን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ከተፈጨ በኋላ ምኑ ከምኑ እንደሆነ አይለይም። ጤና አዳም በዝቶበት ይሁን ሰናመኪ ተደባልቆበት በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሰናመኪ ካለበት ያስቀምጣል፤ ውሃው በተቅማጥ ሲወጣ ሽንት ያንሳል፣ ይወፍራል፤ ጠጠር የሚያድገውም በእንዲህ ያለ ሽንት ነው። በዚያ ላይ መዓዛውን የያዘው ዘይት ቅጠሉ ሲፈጭ በድሬ ሙቀት ቶሎ ይተናል።

«ጠጠሩን ያሟሟል» የሚለው የሻጮች ቃል ከየት እንደመጣ ለመረዳት ማንቆርቆሪያን ማየት ይበቃል። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት አረፋ ደፍቆ ይለቃል። ይህን ያየ ሰው የኩላሊቱም እንዲሁ የሚለቅ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን የማንቆርቆሪያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኩላሊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፣ እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት የቅጠል ሻይ አያሟሟውም። በመድኃኒት ሊሟሟ የሚችለው የዩሪክ አሲድ ጠጠር ነው፤ እሱም የሽንትን አሲድነት በሚቀንስ፣ ሐኪም በሚያዘው መድኃኒት።

ታዲያ ቅጠሉ ጥቅሙ ምንድን ነው? ውሃ ያስጠጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠጠር ያለበት ሰው በቀን 2.5 ሊትር ገደማ ሽንት እንዲሸና ይመከራል፤ በድሬ ፀሐይ ብዙው በላብ ስለሚሄድ 3 ሊትርና ከዚያ በላይ መጠጣት ይጠይቃል። ባዶውን ውሃ ይህን ያህል መጠጣት ይሰለቻል፤ ናና ወይም ጦስኝ የነካው ግን ይወርዳል። ጦስኝ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ሽንት እንደሚጨምር ታይቷል፤ በሰው ላይ ጠጠር ማስወጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ኮሰረት ቦታው የቅቤ ማንጠሪያው ድስት ነው፤ ዳማከሴም ለምች እንጂ ለጠጠር አይገዛም።

ጦስኝ ከደጋ ስለሚመጣ ድሬ የሚደርሰው ደርቆ ነው። ጥላ ውስጥ የደረቀው አረንጓዴነቱ አይጠፋም፤ ፀሐይ የመታው ይገረጣል። ትንሽ ቆንጥረው መዳፍ ላይ አሽተው ያሽትቱት፤ ወዲያው አፍንጫ ካልመታ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ካለ ይተዉት። እርጥብ ናና በጠዋት ነው የሚገዛው፤ ረፋዱ ላይ ጠውልጎ ይጠብቃል። ቤት ሲገባ ደረቁ ክዳን ወዳለው ብርጭቆ ዕቃ ይገልበጥ፣ ፌስታል ውስጥ ወዝቶ ይበላሻል።

አፈላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቅጠል እሳት ላይ አይንተከተክም። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍልቶ ካወረዱ በኋላ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ወይም አንድ እፍኝ እርጥብ ናና ይጨመራል፣ ይከደናል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል። ክዳን ከሌለው መዓዛው ቤቱን ያውዳል እንጂ ስኒው ውስጥ አይቀርም። የእንስላል ዘር ግን ጠንካራ ስለሆነ 1 የሻይ ማንኪያ ሸክሸክ አድርጎ 5 ደቂቃ ማንተክተክ ያስፈልጋል። በቀን 3 ስኒ ይበቃል፤ የቀረው ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ይሁን። እንዲያውም ከዚህ ሁሉ ለጠጠር የተሻለ መሠረት ያለው ሎሚው ነው፤ በውስጡ ያለው ሲትሬት ሽንት ውስጥ ካልሲየምን ስለሚይዝ አዲስ ጠጠር እንዳይሠራ ያግዛል። ያለውን ግን አያቀልጥም።

የድሬ ሻይ ስኳሩ ብዙ ነው፣ እዚህ ላይ መጨከን ያስፈልጋል፤ ስኳር በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል። ከጫት ጋር የሚወሰደው ለስላሳም እንዲሁ ነው። ጥቁር ሻይ ኦክሳሌት አለው፤ መተው ያልቻለ ወተት ይጨምርበት፣ የወተቱ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ስለዚህ «ጠጠሩ የካልሲየም ነው» ብሎ ወተት ማቆም ስህተት ነው፤ መቀነስ ያለበት ጨው ነው።

ጤና አዳም ቡና ላይ አንዲት ቅንጣት ችግር የለውም። በስኒ ሙሉ ተዘፍዝፎ ሲጠጣ ግን ጨጓራና ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፣ ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ጭማቂው የነካው እጅ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል። የኩላሊት ድካም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ 3 ሊትር አይጠጣ።

ቅጠል ከመግዛት በፊት አልትራሳውንድ ይቅደም። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ ከ10 በላይ የሆነ ግን እምብዛም አይወጣም፣ ሻይ እየጠጡ መጠበቅም ኩላሊቱን ያስጎዳል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ሽንት ካቆመ ወይም ውሃ ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ ያኑ ሌሊት ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው፤ ሐረር ላለ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ሕመሙ ቀለል ብሎ ቤት ሆኖ የሚጠብቅ ሰው በንጹህ ነጠላ ጨርቅ ላይ ይሽና፤ የወጣችውን ጠጠር በደረቅ ብልቃጥ ይዞ ለሐኪሙ ይስጥ፣ ዓይነቷ ሲታወቅ ከምግብ ምን መቀነስ እንዳለበት ይነገረዋል።