ጓንዡ ላይ ለወገቤ ያስደረግሁት የክር ሕክምና

ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ፣ ሺያውቤይ ሰፈር ካርጎ ነው የምሠራው። ዕቃ ሲመዘን፣ ሲታሰር፣ ሲጫን ቆሜ ነው የምውለው። ባለፈው ዓመት ወገቤ እምቢ አለኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። የታችኛው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቷል ተባልኩ። ለኦፕራሲዮን የሚያደርስ አይደለም፤ ክኒኑ ግን ጨጓራዬን አስቆጣው። ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ከ10 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን በረራ ግማሹን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት።

ስመለስ ዦንግዳ የጨርቅ ገበያ የምትሠራ አንዲት የደሴ ልጅ፣ «እስቲ ማይሺየን ሞክሪ» አለችኝ። በቻይንኛ ክር መቅበር ማለት ነው። በተለመደው አኩፓንክቸር መርፌው ሰውነት ላይ የተመረጠ ነጥብ ላይ ተሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይና ይነቀላል። በዚህኛው ግን አጭር ክር በመርፌው ውስጥ አልፎ ቆዳ ሥር ይቀራል። ክሩ ቀስ እያለ እስኪሟሟ ድረስ ነጥቡን ሲነካካው ይሰነብታል፤ ሐሳቡ ይሄ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለአኩፓንክቸር በሳምንት ሦስቴ ነይ ይሉሻል፤ ኮንቴይነር የምትጠብቅ ሴት ያንን ጊዜ ከየት ታመጣለች? ክሩ በ2 ሳምንት አንዴ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ትንሽ ክሊኒክ አበሳጭቶኛል። አለርጂ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የክሩን ዓይነት ስጠይቅ «ጥሩ ክር ነው» ተባልኩ፣ በቃ። አንዱ ክር የገባበት ቦታ ባቄላ የምታህል ጠጣር እብጠት ሠራ። እስክትጠፋ 3 ሳምንት ፈጀባት።

ሁለተኛው የመንግሥት የባህል ሕክምና ሆስፒታል ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ብዬ ነው። ሐኪሟ ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ምላሴን አዩ። የሁለቱንም እጄን የደም ሥር ይዘው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የኤምአርአዩን ውጤት ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ክሩ ስጠይቃቸው ፓኬቱን አውጥተው አሳዩኝ። ድሮ ከበግ አንጀት ነበር የሚሠራው፣ አንዳንዱን ሰው አለርጂ ያስነሳበታል። እሳቸው የሚጠቀሙት ሰው ሠራሽ ነው፤ ቁስል ተሰፍቶበት በራሱ እንደሚሟሟው ዓይነት።

በሆዴ ተኛሁ። በአከርካሪዬ ግራና ቀኝ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን እያሉ ወረዱ። ያመመኝ ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉና አዮዲን ቀቡ። መርፌው ሲገባ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው። ክሩ ሲገፋ ግን ከባድ፣ ደነዝ ያለ ሕመም እስከ መቀመጫዬ ወረደ። ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ነጥቡን አግኝተውታል ማለት ነው። ወገቤ ላይ 6፣ እግሮቼ ላይ 2 ክር አስገቡ። የእግሩ ነጥብ ዙሳንሊ ይባላል፤ ከጉልበት ሎሚ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ከአገዳው አጥንት ትንሽ ወደ ውጪ ነው። 10 ደቂቃም አልሞላ። ፕላስተር ለጠፉበትና እስከ ማግስቱ ውሃ እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ። ሁለት ቀን ሰውነቴ ተደብድቦ ያደረ ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ሥራ የሚበዛበት ቀን ላይ አትቅጠሩት።

ክሩን ብቻውን አይተዉትም። ከጥቂት ቀን በኋላ ቱዪና አለ፣ የእኛን ወጌሻ የሚያስታውስ ማሸት ነው። ከዚያ ዋግምት። አያቴ በቀንድ ነበር የምታደርገው። እዚህ በብርጭቆ ነው፣ እኔ ላይ ደምም አላወጡም። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ ክቡ ምልክት ሳምንት ቆየ። ከሁሉም የወደድኩት ጭሱን ነው፣ አይጂው ይሉታል። ደረቅ ቅጠል እንደ ሲጋር ተጠቅልሎ ይለኮስና ቆዳ ሳይነካ ቀረብ ብሎ ይያዛል። ቅጠሉ የአሪቲ ዘመድ ነው። ጭሱ ሲነሳ የእናቴ ጓሮ ሸተተኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የሚጠጣም አለ። ዱሁዎ ጂሼንግ ታንግ የሚባል፣ ለወገብና ለጉልበት የሚሰጥ የቆየ ቅመማ ነው፤ ሥሩ፣ ልጡ፣ ምኑ ተደምሮ 15 ዓይነት። ሆስፒታሉ ራሱ አፍልቶ በትንንሽ ከረጢት ያሽገዋል። መራራ ነው፣ ኮሶ ትዝ ይላችኋል። ከመቀበሌ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ «ኧጂያው አለበት?» ኧጂያው ከአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራ መድኃኒት ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራው ሕዝብ ተቆጥቶ የተዘጋው ለዚሁ ቆዳ በመጣ ጣጣ ነው። ሐኪሟ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አነበቡልኝ፤ የለበትም። ጾመኛም ሆናችሁ እስላም፣ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ለአንድ ጊዜ ክር 260 ዩዋን ከፈልኩ፣ ማሸቱና መድኃኒቱ ለብቻ ነው። ቻይንኛችሁ እንደኔ የገበያ ከሆነ አስተርጓሚ ያዙ። የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ወይም እርጉዝ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ ክሩን ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ዲስኩን ቦታው አልመለሰውም፤ ሐኪሟም ይመልሰዋል አላሉኝም። ስለ ክሩ የተሠራው ጥናትም ገና ጠንካራ አይደለም። ግን ከሦስተኛው ዙር በኋላ ወደ እግሬ የሚወርደው ሕመም ለቀቀኝ። ጠዋት ጫማዬን ጎንበስ ብዬ ማሰር ጀመርኩ። አራተኛውን ጨርሼ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስበር እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት አስተናጋጇ የጾም ምግብ ይዛ ስትቀሰቅሰኝ ነው።