የእድራችንን ቅጽ ያስተካከለችልን የጠባሴዋ ፎቶ ኮፒ ቤት

እዚህ ደብረ ብርሃን የእድር ጸሐፊ ከሆንኩ አራት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ አባላቱ እንደ አዲስ ይመዝገቡ ተባለና ቅጽ የማሠራቱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት (ስሙ ይቅር) ኮምፒውተሩ ላይ ከነበረ ቅጽ አናት ላይ የእድሩን ስም ለጥፎ 150 ቅጂ አሸከመኝ። ሳላነብ ተቀበልኩ፤ ግማሹ ጥፋት የእኔው ነው።

ጉዱ የታየው ተሞልቶ ሲመለስ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለበት። ከፈረንጅ ቅጽ የተገለበጠ መሆኑ ነው። እኛ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እንጽፋለን እንጂ የቤተሰብ ስም ከየት እናምጣ? አንዲት እናት እዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሰባት ልጆቻቸውን ደርድረዋል። አምስተኛው ላይ ቦታ ሲያልቅባቸው ወረቀቱን አዙረው በጠርዙ ሽቅብ ጽፈዋል። ሌላው የሚስቱን ስም ሞላ። የጋብቻ ሁኔታው ደግሞ «ያገባ» እና «ያላገባ» ብቻ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤቴ «እኔ የትኛው ነኝ ልጄ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ከዚያ ነው ጠባሴ ወዳለችው ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት የሄድኩት። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ ሰው ሲሞት ይሄን አውጥታችሁ ምኑን ነው የምታዩት?» አለችኝ።

ለካ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የምናየው ሟች ለአባሉ ምኑ እንደሆነ ነው፤ ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ የሚከፈለው ይለያያላ። «የቤተሰብ ስም»ን ሰርዛ ስምና ዝምድና የሚጻፍበት ሠንጠረዥ አሰመረች። የቤት ቁጥር ሥር «የታወቀ ምልክት» ጨመረች። ጥሩምባ ነፊያችን የቤት ቁጥር አያውቅም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ካሉት ግን በጨለማም ይደርሳል። ለስልክ አሥር ትንንሽ ሳጥን ሠራች፤ ቁጥር የጎደለበት ወዲያው ይታያል። የልደት ቀኑ አጠገብ «ዓ.ም.» አለችበት። ከፊርማው ጎን የጣት አሻራ ቦታ አለ፤ ለወላጁ የሚሞላ ልጅም ስሙን የሚጽፍበት መስመር አለው።

ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃና የወር ገቢን «ምን ያደርግላችኋል?» ብላ አወጣቻቸው። ገቢ የሚጠይቅ ቅጽ ሰው ያሸሻል፤ እውነቷን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ቢሆን ለሥራህ የማያስፈልግህን መረጃ አትሰብስብ ነው የሚለው።

እንከን የለባትም አልልም። መብራት ጠፋ ተብሎ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳያልፍ አይከፈትም፤ የጠባሴን ብርድ የሚያውቅ ግን ይቅር ይላል። ወረቀቱ ስስ ነው፤ በሁለቱም ገጽ ስለታተመ እስክሪብቶ ወደ ጀርባ ያሳልፋል። ወፍራም ወረቀት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከመጀመሪያው ቤት ትንሽ ወደድ ይላል፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ከፍዬ ስለተማርኩ አላጉረመረምኩም።

ጎረቤቴ አሁን «የትዳር ጓደኛ የሞተበት/የሞተባት» የሚለው ላይ ምልክታቸውን አድርገዋል። ለልጆች የተተወው ግን ስድስት መስመር ብቻ ነው። እኚያ እናት ሰባተኛውን አሁንም በጠርዙ ሽቅብ ጽፈውታል።