የሱሉልታ መንገድ ላይ እንጉዳይ የምትገዙ፦ ግርጌው የተቆረጠ እንዳትነኩ!

በክረምት ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ዳር እንጉዳይ በሳፋ ይዘው መኪና የሚያስቆሙትን ታውቋቸዋላችሁ። «ዛሬ ጠዋት የተለቀመ፣ የመናገሻ ጫካ ነው» የምትለዋንም ሰምታችኋል። ከነሱ አንዱ ነው ለእንጉዳይ አስከፍሎ የጅብ ጥላ ያሸከመኝ።

ቆቡ ነጭ ነው፣ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፣ ከቆቡ ስር ያሉት ሽንሽኖች ፈዛዛ ሮዝ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ከሚበላው የሜዳ እንጉዳይ አይለይም። የሚለየው ግርጌው ላይ ነው። አንዱን አንስቼ ግርጌውን በጥፍሬ ልፍቅ ስል ከእጄ ነጠቀኝ። «ላጽዳልሽ እንጂ፣ አፈር ልትበዪ ነው?» አለና እየሳቀ የሁሉንም ግርጌ በቢላዋ ከርክሞ ቱቦ ውስጥ ወረወረው። ማስረጃውን እኮ ነው ዓይኔ እያየ የጣለው!

መጥበሻ ላይ ሲሞቅ ቤቱ የእስክሪብቶ ቀለምና የሐኪም ቤት ማጽጃ ሸተተ። ፌስታሉ ውስጥ ከቢላዋው ያመለጠ አንድ ነበር፤ ግርጌው ሲፋቅ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ሆነ። ቢጫው ቆይቶ ወደ ቡናማ ስለሚደበዝዝ እንደተፋቀ ነው መታየት ያለበት። ይሄኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሆድ ቆርጦ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይገድልም። ገዳዩ ሌላ ነው፦ ሽንሽኑ ቢያድግም ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ግርጌው አፈር ውስጥ በተቀበረ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። ግርጌው ሲከረከም ከረጢቱም አብሮ ይጠፋል። የዚህ መርዝ ቢቀቀልም አይለቅም፤ ማስመለስ የሚጀምረውም ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ ጉበት ተነክቷል።

ይዤ ስመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ነጭ ሽንኩርት ጣይበት፣ ካልጠቆረ ይበላል፤ ፈረንጅ ነው እንዴ ያስፈራራሽ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠቀሰ። ነጭ ሽንኩርት መርዝ አይለይም፤ ገዳዩ ጋር ቢጠበስም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ገንዘቤን ስጠይቅ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለና ያንኑ ሳፋ አንስቶ ወደሚቀጥለው መኪና ሮጠ።

ከነግርጌው ካልሆነ አትግዙ፤ ሻጩ ካላስነካችሁ እለፉት። ቀድሞ የበላ ካለ ሕመሙ እስኪጀምር አትጠብቁ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት።