በሸካ ጫካ ውስጥ ላገለገሉን ባለ ፈረስ ምስጋና፣ ወደዚያ ለተመደባችሁም ጥቆማ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሸካ ዞን፣ በማሻ ወረዳ፣ መኪና በማይደርስበት አንድ የጫካ ቀበሌ በመምህርነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የመማሪያ መጽሐፉም፣ የፈተና ወረቀቱም፣ ጨውና ዘይቱም ወደ እኛ ይደርስ የነበረው በአንድ ባለ ፈረስ አማካይነት ነው። ይህን የምጽፈው ለእኚህ ሰው ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ሲሆን፣ ዘንድሮ ወደዚያ አካባቢ የተመደባችሁ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለጥናት የምትሄዱ ሰዎች አገልግሎታቸውን አስቀድማችሁ እንድታውቁት ጭምር ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ አራት ፈረስ ብቻ ስላላቸው የማያውቁት ሰው ሁሉ ቢደውልላቸው እሺ ብለው ቃላቸውን ማጠፍ እንደማይወዱ ነግረውኛል። ስለዚህ እኛ መምህራኑ እንጠራቸው እንደነበረው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቦታውን ለማያውቅ ሰው የአኗኗሩን ሁኔታ ሳልገልጽ አገልግሎታቸውን ብቻ ባወድስ የተጋነነ ይመስላል። የሸካ ደን ወደ 240 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ስፋት ይዞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በዓመት ውስጥ ዝናብ የሚያጣበት ወር ጥቂት ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ መንገዱ ጠፈፍ ይላል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጊዜ በጭቃና በጉም የሚያልፍ ነው። ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨትና ጌተም ተደራርበው ሰማዩን ስለሚሸፍኑት ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚወርደው ጠብታ ለረጅም ሰዓት አይቆምም፤ ልብስ ታጥቦ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል፣ ደብተርም በሣጥን ተቆልፎ ተቀምጦ ይሻግታል።

መንደር ሲባል ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት ሰፈር የሚታየው ሰው እዚያ ሲደርስ ግራ ይጋባል። እያንዳንዱ ቤት በራሱ የእንሰት ተክል ተከቦ ለብቻው የቆመ ሲሆን፣ ቀጣዩ ቤት ያለው አንድ ጅረት ተሻግሮ ወይም አንድ ኮረብታ ዞሮ ነው። በቤቶቹ መካከል ያለው ጫካ ለእንግዳ ሰው ባለቤት የሌለው ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው ኮቦ ነው፤ ይኸውም አንድ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያቱ በወረሰው የደን ክፍል ውስጥ ቀፎ የመስቀል መብት ያለው መሆኑን የሚያረጋግጥ ባህላዊ ሥርዓት ነው። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የጌተም አበባ ነጩን ማር ሲሰጥ የቤተሰቡ አብዛኛው የዓመት ጥሬ ገንዘብ የሚገኘው ከዚሁ ነው። ኮረሪማና ጥምዝም ከጫካው ይለቀማሉ። በምግብ በኩል እንሰት ስላለ የከፋ ረኃብ አላየሁም፤ በእርግጥ ጃርትና ፍልፈል ሥሩን ይበሉታል፣ አጠውልግ የተባለውም በሽታ ከገባበት ጓሮ የዓመታት ልፋት ይዞ ይሄዳል።

የሚቸግረው ከውጭ መምጣት ያለበት ነገር ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፋብሪካ ቆርቆሮ፣ መድኃኒት፣ ጠመኔ፣ ሁሉም በአንድ ጠባብ የእግር መንገድ ይገባል፤ ማርና ኮረሪማም በዚያው ይወጣል። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ገመገም ላይ ሲሆን፣ እሱም ጉም ባልወረደበት ሰዓት ነው። ተማሪዎቻችን ጅረት ሲሞላ ይቀራሉ፤ በቆሎ ሲያሽት ደግሞ ዝንጀሮና ከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ ስለሚውሉ የክፍሉ ግማሽ ባዶ ይሆናል። ይህን በሪፖርት ላይ «የመማር ፍላጎት ማነስ» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ እኔ ግን ከዚያ ሰፈር ልጆች ይልቅ ለትምህርት የሚደክም ልጅ አላውቅም።

ጋሼ በዚህ መንገድ ላይ የሚሠሩት ሥራ ፈረስ ከመንዳት ያለፈ ነው። ጭነት ከመቀበላቸው በፊት በእጅ ሚዛን ይመዝኑታል፤ ለአንድ ፈረስ በደረቅ ጊዜ ከ60 ኪሎ፣ በክረምት ከ50 ኪሎ በላይ አይጭኑም፣ ማንም ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ቢያቀርብላቸውም ሐሳባቸውን አይለውጡም። በመጫኛው ሥር የሚያነጥፉትን ግላስ በየዕረፍቱ አንስተው የፈረሱን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ በዚህም የተነሣ በዚያ አካባቢ ገጣባ የሌለው የጋማ ከብት ካያችሁ የእሳቸው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ወደ ቆላው፣ ወደ ባሮ በሚወርዱት ወንዞች አቅጣጫ፣ ፈረሶቻቸውን ይዘው አይወርዱም፤ ምክንያቱም የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፍ በመሆኑ አንድ ጊዜ ለጥሩ ኪራይ ብሎ የወረደ ሰው ፈረሱን ሊያጣ እንደሚችል ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ ያከበርኩላቸው ግን ጣውላ የማይጭኑ መሆናቸውን ነው። በሌሊት ከጫካ የሚወጣ ጣውላ ከዘይትና ከደብተር እጥፍ እንደሚከፍል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሊያግባቧቸው የመጡ ነጋዴዎችንም በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው የሚሉት ዛፉ ከወደቀ ቀፎውም ንቡም እንደሚሄድ ሲሆን፣ ክርክሩን ከዚያ በላይ አያስረዝሙትም።

ከእኛ ከመምህራኑ ጋር የነበራቸው የሒሳብ አሠራርም ሊጠቀስ ይገባዋል። ከመካከላችን አንዱ ደመወዝ ለመቀበልም ሆነ ዕቃ ለመግዛት ወደ ከተማ ቢወጣ ለመሄድና ለመመለስ የሚፈጀው ቀን ከማስተማሪያው ጊዜ ላይ የሚቀነስ ስለነበር፣ የሚያስፈልገንን ዝርዝር ጽፈን ገንዘቡን እንሰጣቸዋለን። እሳቸው ማንበብ ባይችሉም ማሻ የምትማረው ልጃቸው ታነብላቸዋለች፤ ከሱቁ የተጻፈ ደረሰኝ አስይዘው፣ መልሱን ከነሳንቲሙ በየሰው ስም በተቋጠረ ላስቲክ ለይተው ያመጣሉ። ዕቃው ከጠፋ ወይም ዋጋው ከተለመደው በላይ ከጨመረ በራሳቸው ፈቃድ ሌላ አይገዙም፣ ገንዘቡን ይመልሳሉ። የፈተና ወረቀት ሲያመጡ ፖስታው በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ ከፊተኛው ፈረስ ላይ ይጫናል፣ ያ ፈረስ ወንዝ ሲሻገር እሳቸው ራሳቸው ልጓሙን ይይዛሉ። የጤና ኬላው ክትባትም እንዲሁ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል መቆየት ያለበት በመሆኑ፣ ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከነገሯቸው ጊዜ ጀምሮ የክትባቱን ሣጥን ከፈረሶቹ ቀድሞ የሚሄድ ወጣት በእጁ ይዞት እንዲጓዝ ያደርጋሉ፤ ፈረሶቹ ሲያርፉ እሱ አያርፍም።

አንዲት የሥራ ባልደረባችን በነሐሴ ወር ድንገት በኃይለኛ የሆድ ሕመም የተያዘችበትን ሌሊት ሳልጠቅስ ባልፍ ምስጋናዬ ጎደሎ ይሆናል። እኛ ደንግጠን በፈረስ ትሂድ ስንል፣ ጋሼ ሆዱን የታመመ ሰው በዚያ ቁልቁለት ላይ በኮርቻ ሊቀመጥ እንደማይችል አስረድተው ከቀርከሃና ከመጫኛ ቃሬዛ አሰናዱ፤ ከዚያም በአቅራቢያ ካሉት ቤቶች ወጣቶችን አስጠርተው በአራት በአራት እየተቀያየሩ እንዲሸከሙ መደቡ። ፈረሶቹ የተጫኑት የሸካሚዎቹን ስንቅ፣ ደረቅ ልብስና ባትሪ ነበር፣ እኔ በበኩሌ ይህ ነገር ፈጽሞ አይታሰበኝም ነበር። ሁለት ፈጣን ልጆች ደግሞ ገና ከመነሻው ወደ መኪናው መንገድ ቀድመው ተላኩ፣ አንዱ አምቡላንስ እንዲጠራ፣ ሌላው አምቡላንሱ ባይገኝ ያገኘውን መኪና አስቁሞ እንዲጠብቅ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በግንድ ድልድዩ ላይ ቃሬዛውን ለማሳለፍ መጀመሪያ ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተወጠረ፤ የግንዱን ማዳለጥ ለመቀነስም አመድና አፈር ተበተነበት። ባልደረባችን በማግስቱ ሆስፒታል ደርሳ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ ዛሬ በሌላ ወረዳ በጤና እያስተማረች ትገኛለች። ለዚያ ሌሊት አንድ ብር አልተቀበሉም። በእሳቸው ዘንድ ለሕመምተኛና ለአስከሬን ኪራይ አይጠየቅም፤ ሸካሚዎቹን ማብላት ግን የአስጠሪው ወገን ድርሻ መሆኑን በግልጽ ይናገራሉ፣ ተገቢም ነው።

ጥቆማ እስከሆነ ድረስ ደንበኛ የሚያማርርባቸውን ነገርም መደበቅ የለብኝም። ዋጋቸው በአካባቢው ካሉት ባለ ፈረሶች ከፍ ያለ ሲሆን አይከራከሩም። የሚነሡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሻንጣውን እያሰናዳ ያረፈደን እንግዳ ትተው የሄዱበት ጊዜ አለ። መንገድ ላይ ወሬ አያበዙም፣ ወንዙን አይተው አይሆንም ካሉ ደግሞ ከወረዳ የመጣ ኃላፊም ቢሆን ቁጭ ብሎ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። በእርግጥ አንድ ጊዜ ስብሰባ አምልጦን በጣም ተናድጄባቸው ነበር፤ በዚያው ዕለት ሌላ ባለ ፈረስ ለመሻገር ሞክሮ ጭነቱን በሙሉ ለወንዙ አስረክቦ መመለሱን ከሰማሁ በኋላ ግን ንዴቴ በረደ።

አዲስ የተመደባችሁ መምህራን መግቢያችሁ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ፣ ማለትም መንገዱ እጅግ በሚከፋበት ወቅት ስለሚሆን፣ ከመነሣታችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ብታስነግሯቸው ይሻላል፤ እሳቸው ወደ ማሻ የሚወጡት ለገበያ ቀን ስለሆነ መልእክታችሁን የሚያገኙት በዚያ ዕለት ነው። ጠንካራ ሻንጣ ከጭነት ጋር ስለማይስማማና የፈረሱን ጎን ስለሚጎዳ አይቀበሉትም፣ ዕቃችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በሁለት ማዳበሪያ አስገቡት፣ የሁለቱም ክብደት እኩል ይሁን። ለራሳችሁ ቦቲ ጫማ ያዙ፣ ምክንያቱም ጤነኛ ሰው በእግሩ እንዲሄድ እንጂ ፈረስ ላይ እንዲወጣ አይፈቅዱም። የኪራዩን ግማሽ በቅድሚያ መክፈል የተለመደ ነው። ለጥናት የምትሄዱ ደግሞ ከዞንና ከወረዳ የፈቃድ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አውጡና ለቀበሌው ሊቀ መንበር አሳዩ፤ ጋሼ ደብዳቤ የሌለውን ሰው ወደ ጥብቁ ደን ይዘው አይገቡም፣ ዛፍ የማይቆረጥባቸውንና ድምፅ ከፍ የማይደረግባቸውን የእምነት ስፍራዎች ሲያልፉም የሚነግሯችሁን ያለ ጥያቄ ብትቀበሉ መልካም ነው። የሸካቾን ቋንቋ፣ አማርኛንና ኦሮምኛን ስለሚናገሩ በየቤቱ ሲያስገቧችሁ አስተርጓሚም ይሆኑላችኋል፤ ለዚህ የሚጠይቁት የተለየ ክፍያ የለም፣ ሆኖም ነገሩን በነፃ ቆጥሮ ዝም ብሎ መሄድ አይገባም ባይ ነኝ።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። እኛ በዚያ ትምህርት ቤት ያስፈተንናቸው ልጆች ወረቀታቸው ሳይርስ፣ ቀኑም ሳያልፍ ለመፈተን የበቁት በእርስዎ ጥንቃቄ ነው፤ ስለዚህም መላው የትምህርት ቤቱ የቀድሞ መምህራን እጅ ነሥተን እናመሰግንዎታለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ፈረሶችዎንም ይጠብቅልዎ።

አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የምትሄዱበትን ቀበሌ፣ የጭነቱን ክብደትና የምትነሡበትን ሳምንት ከገለጻችሁልኝ ማሻ ላለችው ልጃቸው አስተላልፋለሁ። በሐምሌ ወር ግን ፈረሶቹን ስለሚያሳርፉ፣ ከሕመምተኛ በስተቀር ለማንም እንደማይነሡ ከወዲሁ ዕወቁት።