ዋሽንግተን፣ የማን ልጅ? ስለ ቱሉ ዲምቱዋ ፎቶ ኮፒ ቤት

የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ነው የምኖረው። ከባጃጅ መቆሚያው ትንሽ ገባ ስትሉ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ዲቪ እንሞላለን፣ የውጭ አገር አድራሻ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ቤት ነው። አሜሪካ ልጅ ወይም እህት ወንድም ያላችሁ ሰዎች እንድታውቋት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እንደደረስኩባት ልንገራችሁ። ልጄ ኒው ጀርሲ ነው የምትኖረው። ለጉዳይዋ የልደት ሰርተፍኬቷ ኦሪጅናሉ አስፈለጋት። አስተርጉሜ፣ አረጋግጬ፣ ለመላክ ተዘጋጀሁ። አድራሻዋን በቴሌግራም በድምፅ ላከችልኝ። ሥራ ላይ ስለነበረች እየተቻኮለች ነው የተናገረችው። የቤት ቁጥሯን፣ የመንገዷን ስም፣ ቀጥላ «ዋሽንግተን ታውንሺፕ፣ ኒው ጀርሲ» አለች። መጨረሻ ላይ ዚፕ ኮዱን፣ የፖስታ መለያ ቁጥሩን ማለት ነው፣ ነገረችኝ። የሰማሁትን ወረቀት ላይ ገልብጬ መሀል ከተማ ወዳለ አንድ መልእክት ላኪ ዘንድ ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ወረቀቴን እያየ ኮምፒውተሩ ላይ መታው። ምንም አልጠየቀኝም። ከፍዬ ወጣሁ።

ፖስታው ከ2 ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ጥጋጥጉ ተላልጧል፣ ላዩ ማኅተም በማኅተም ሆኗል። አድራሻው አልተሟላም ይላል። ልጄ ቀጠሮዋ አልፎባት በስልክ አለቀሰች። እኔ 31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ፖስታውን ይዤ ወደ ሰማያዊዋ በር ሄድኩ። የምትሠራዋ ልጅ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰፈሩ «ቲቸር» ስለሚለኝ እሷም እንደዚያው ትጠራኛለች። ፖስታውን አገላብጣ አየችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ዋሽንግተን የማን ልጅ ነው?»

አልገባኝም። «የማን ልጅ ማለት?»

«ዋሽንግተን ስሙ ነው። የአባቱን ስም ነው የምጠይቅዎት። ኒው ጀርሲ ውስጥ ብቻ አምስት ዋሽንግተን ታውንሺፕ አለ። ሰው አበበ ብሎ ብቻ ይፈለጋል?»

አነጋገሯ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ካውንቲው፣ ማለት ከግዛት ሥር ያለው አስተዳደር፣ የአባት ስም፣ ግዛቱ የአያት ስም ማለት ነው። እኛ ስንት አበበ ባለበት ሰፈር ደብዳቤ የሚደርሰን በአባታችን ስም አይደል? ታክሲ ውስጥ «ሚካኤል ጋ ወራጅ» ብትሉ የየካው ይሁን የቦሌው ረዳቱ የሚያውቀው መስመሩን ስለሚያውቅ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን የት ይወርዳል?

አምስቱን ከነአባታቸው አሳየችኝ። አንዱ በርገን ካውንቲ፣ በሰሜን፣ ወደ ኒው ዮርክ የተጠጋው ነው። አንዱ ሞሪስ ካውንቲ ያለው ነው። አንዱ ዋረን ካውንቲ፣ ከፔንሲልቬንያ ድንበር አጠገብ። እሱ ደግሞ መሀሉ ላይ ራሱን የቻለ ሌላ ዋሽንግተን የሚባል ከተማ ይዟል፤ ቀለበት ሆኖ ከቦታል። አንዱ በርሊንግተን ካውንቲ፣ የጥድ ጫካ ውስጥ ያለ፣ ነዋሪው አንድ ሺህ የማይሞላ። አምስተኛው ግሎስተር ካውንቲ፣ ከፊላደልፊያ ወንዝ ተሻግሮ ያለው፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ልጄ እዚያ ናት። ኢትዮጵያ ኒው ጀርሲን 50 ጊዜ ያህል ትይዛለች። በዚያች ትንሽ ግዛት ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ ሞክሼ ያለው።

ቀድሞ ደግሞ ስድስት ነበሩ። መርሰር ካውንቲ ያለው ዋሽንግተን ታውንሺፕ ከሌሎቹ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ፣ ሕዝቡ በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2007 ድምፅ ሰጥቶ ስሙን ቀየረ። ከ2008 መጀመሪያ ጀምሮ ሮቢንስቪል ሆኗል። በዚያው ግዛት ዶቨር ታውንሺፕም በ2006 ቶምስ ሪቨር ተብሏል፤ ዶቨር የሚባል ሌላ ከተማ ስላለ። ስምን መተው ከባድ ነገር ነው። በተለይ ኒው ጀርሲ ለጆርጅ ዋሽንግተን፣ ለመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ያላት ፍቅር የዋዛ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1776 የገና ሌሊት ደላዌር ወንዝን በበረዶ ተሻግሮ ትሬንተን ላይ ጠላቱን ያሸነፈው እዚያው ነው። የሮቢንስቪል ሰዎች ያንን ስም ሲለቁ ምን ያህል ተቸግረው እንደነበር ከዚህ ገመትኩ።

ልጅቷ ቀጥላ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ድረ ገጽን ከፈተች። ትልቁን ነገር የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። ፖስታ ላይ የሚጻፈው የአስተዳደሩ ስም ሳይሆን የፖስታ ቤቱ ስም ነው። በአንድ ግዛት ውስጥ ሁለት ፖስታ ቤት አንድ ስም አይይዝም። ስለዚህ ሞሪስ ካውንቲ ያለው ዋሽንግተን ታውንሺፕ ነዋሪ ደብዳቤው ላይ «ሎንግ ቫሊ» ብሎ ነው የሚጽፈው። የልጄ ሰፈር ደግሞ «ሱዌል» ነው። ልጄ ግብር የምትከፍለው፣ ቆሻሻዋን የሚያነሳላት ዋሽንግተን ታውንሺፕ ነው። ሰው ሲጠይቃት ያንን ትናገራለች። ፖስተኛው ግን በሱዌል ነው የሚያውቃት።

ከዚያ ዚፕ ኮዱን አየች። እኔ የጻፍኩት 8080 ነበር።

«አንድ ቁጥር ይጎድላል። የአሜሪካ ዚፕ አምስት ነው።»

ስልኬን አውጥቼ የልጄን ድምፅ እንደገና አሰማኋት። «ዜሮ ስምንት ዜሮ ስምንት ዜሮ» ትላለች ልጄ። የመጀመሪያዋን ዜሮ እኔ ምንም አትጠቅምም ብዬ ትቻታለሁ። ሒሳብ ላይ ከፊት ያለ ዜሮ ዋጋ የለውማ። እዚህ ግን የመጀመሪያው ቁጥር አቅጣጫ ነው። ዚፕ ኮድ የተጀመረው በእ.ኤ.አ. 1963 ነው። ከዜሮ ተነሥቶ በምሥራቅ ዳርቻ ይጀምርና በምዕራብ፣ ካሊፎርኒያ ጋ፣ ዘጠኝ ላይ ያልቃል። የኒው ጀርሲ ሁሉ በዜሮ ይጀምራል። ዜሮዋን ማጥፋት ማለት ምሥራቅን ማጥፋት ማለት ነው። ልጅቷ እንደምትለው ኮምፒውተርም ይህንኑ ጥፋት ያጠፋል፤ ኤክሴል ላይ ዝም ብለው ከመቱት ዜሮዋን ይበላታል። እሷ ሳጥኑን መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይራ ነው የምትመታው። ይህቺን ጥንቃቄ ሳይ ልቤ አረፈ።

እዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር የላትም። ይሄ የቤቷ ትልቁ ችግር ነው፤ ስትሄዱ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። 40 ደቂቃ ያህል በሩ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። መሀል ላይ «ግን ቲቸር፣ ታውንሺፕ ማለት ምንድን ነው? እኛ ጋ ወረዳ ነው ቀበሌ?» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። የተበላሸ ኮፒ ጀርባ ላይ ሣልኩላት።

ኒው ጀርሲ ላይ ታውንሺፕ የራሱ ምክር ቤት ያለው የአካባቢ አስተዳደር ነው። ከኦሃዮ ጀምሮ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በእ.ኤ.አ. 1785 የወጣ የመሬት ሕግ ነው። አገሩን በአራት ማዕዘን ከፋፈሉት። አንዱ ታውንሺፕ በአራቱም ጎኑ 6 ማይል፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እሱ ደግሞ በ36 ቁራሽ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 1 ማይል በ1 ማይል። ከ36ቱ ውስጥ 16 ቁጥር ለትምህርት ቤት ይቀመጥ ብሎ ሕጉ ደነገገ። ሰው ገና ሳይሰፍርበት የትምህርት ቤቱ ቦታ ታስሮ ተቀምጧል። ስድስት በስድስት ሣጥን ሠርቼ 16ኛዋን በእስኪርቢቶ አጠቆርኩላት። አሁን ያቺ ወረቀት ከዲቪው ማስታወቂያ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። ስትሄዱ ታዩዋታላችሁ።

መብራት ሳይመጣ አንድ አባት ገቡ። ከገላን ነው የመጡት፣ ለወንድማቸው ልጅ ወረቀት ሊልኩ። አድራሻው «ዋሽንግተን ታውንሺፕ፣ ኦሃዮ» ይላል። እኔና ልጅቷ ተያየን።

«አባባ፣ የኮሎምበሱ ነው የዴይተኑ?»

ኦሃዮ ውስጥ ዋሽንግተን ታውንሺፕ ብዙ ነው። እሷ ደጋግመው የገጠሟትን ሁለቱን ነው የጠየቀችው። አንዱ ኮሎምበስ አጠገብ ነው፤ ደብዳቤው ደብሊን ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ዴይተን አጠገብ ነው፤ ሴንተርቪል ተብሎ ይጻፋል። ሰውየው አያውቁም። «ደውሉለት» አለቻቸው። እዚያ ሌሊት ነበር፤ ልጁ ተኝቷል። ሌላ ቤት ቢሆን «ግድ የለም ይደርሳል» ተብለው ይሄዱ ነበር። እሷ ግን ገንዘባቸውን አልተቀበለችም። «ነገ አጣርተው ይምጡ፤ ዛሬ አልጽፍልዎትም» አለች። እሳቸው ትንሽ ቅር አላቸው፣ ነገ ተመልሰው ሊመጡ ነዋ። እኔ ግን የተመለሰውን ፖስታዬን አሳየኋቸው። አይተው ዝም አሉ።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳት። ሥራ ስትጀምር ለአንዲት ደንበኛ፣ ካናዳ ላለ ሰው የሚላክ ፖስታ ላይ «ሃሚልተን፣ ኦንታሪዮ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ታዋቂው ከተማ መስሏት። ሰውየው የሚኖረው ግን ሃሚልተን ታውንሺፕ ነው፤ ኮበርግ የምትባል ከተማ ዙሪያ ያለው። ሁለቱም ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ናቸው፤ ግን ከቶሮንቶ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ነው። ሴትየዋ መጥተው ወቀሷት። ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቅ አትጽፍም።

መብራት መጣ። አድራሻውን በትልልቁ መታችው፤ ስም፣ ቤት ቁጥርና መንገድ፣ ሱዌል፣ ኒው ጀርሲ፣ 08080። ከታች አሜሪካ ብላ በትልቁ። ከዚያ አትማ ከመለጠፏ በፊት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ለልጄ እንድልክ አደረገችኝ። ልጄ «ልክ ነው እማ» ብላ እስክትመልስ አልለጠፈችውም። ላዩ ላይ ውኃ እንዳያበላሸው ሰፊ ስኮች ሳበችበት። የእኔን አድራሻና ስልክ ጀርባው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈች። ከዚያ እኔው ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ አስገባሁት፤ እሷ አትልክም፣ አድራሻና ማሸግ ብቻ ነው ሥራዋ።

ለዚህ ሁሉ 120 ብር አስከፈለችኝ፣ ፖስታውን ጨምሮ። በቴሌብር ከፈልኩ። ተራ ፎቶ ኮፒዋ ግን ከሌሎቹ ይወደዳል፣ ደግሞ ማተሚያዋ ቀለም ይሳሳበታል። የእኔ የመጀመሪያ ወረቀት ደብዝዞ ወጥቶ ደግማ ማተም ነበረባት። ደግማ ያተመችበትን አላስከፈለችኝም። መቀመጫው አንድ አግዳሚ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቆርቆሮው ሙቀት አያስቀምጥም።

ፖስታው በ18ኛው ቀን ደረሰ። ልጄ በሯ ላይ ካለው የፖስታ ሣጥን ስታወጣው ቪዲዮ ላከችልኝ። ስኮቹ እንዳለ ነው፣ አልተላጠም። ቪዲዮውን ይዤ ሄጄ ለልጅቷ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ አየችው። «ዜሮዋ በደንብ ትታያለች» አለች።

የምትከፍተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። ቅዳሜ ተማሪ ይሞላዋል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይሻላል። አድራሻው በድምፅ ከተላከላችሁ ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ገልብጣችሁ አትምጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ልጃችሁን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ካውንቲው ማን ይባላል፣ ደብዳቤ ሲመጣለት ላዩ ላይ የሚጻፈው የማን ከተማ ስም ነው። የሰዓት ልዩነቱን አስቡና እሱ በነቃበት ሰዓት ሂዱ፤ መደወሏ አይቀርም።