ሱሉልታ መንገድ፦ ጭኮ፣ እርጎና የእማዬ የቅቤ ምርመራ

ሱሉልታ መንገድ ላይ ጭኮና እርጎ የሚቀርብበት አንድ ቤት አለ። መጀመሪያ የሄድኩት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ነበር። እረፍት ላይ ስለነበርን ቀኑ ጠፍቶብናል። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ አየችንና «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው» አለች። እርጎ የለ፣ ጭኮ የለ። ሽሮ በልተን፣ እርስ በርስ እየተሳሳቅን ተመለስን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሩ። ረቡዕና ዓርብ፣ በትልልቆቹ አጽዋማትም፣ እዚህ ቤት የፍስክ ነገር አይቀርብም።

ሁለተኛውን ቅዳሜ አደረግኩትና እማዬን ይዣት ሄድኩ። እማዬ የሰላሌ ልጅ ናት። በቅቤ ጉዳይ ዳኛ ናት፤ ይግባኝ የለውም።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ እንጦጦን ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ መውረድ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጉም ነበር፤ ቪትሴ እያቃሰተች ነው ዳገቱን የጨረሰችው። ታች ስንወርድ ሯጮቹ ልምምዳቸውን ይዘዋል። ቦታው ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ለእነሱ ሳንባ ማጠንከሪያ፣ ለእኛ ብርድ።

ቤቱ ስም የለውም። ከተማውን አልፋችሁ ወደ ጫንጮ ስትሄዱ በስተቀኝ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ፤ ከጀርባው ቤቱን የሚያክል የድርቆሽ ሣር ክምር አለ። መኪና ማቆሚያው ጭቃ ነው። አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ካቆማችሁ ደግሞ ወደ ጎጃም የሚበር ሲኖትራክ ስፖኪዮአችሁን ይዞት ይሄዳል። ጭቃው ይሻላል።

እኔ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ስገባ ሴትየዋ በርጩማ አሳየችኝ። እማዬ «አካም ቡልቴ» ስትላት ግን ነገሩ ተለወጠ። ተሳሳሙ። የማን ልጅ ነሽ፣ የየት አገር ነሽ ተባባሉ። ወዲያው እሳቱ ዳር ተዛወርን። (ለሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ቃል አልገባም።)

ጭኮ ለማያውቅ፦ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ በሶ ማለት ነው፣ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። በቃ። እንጀራ አይፈልግ፣ ይሙቅልኝ አይባል። ቶሎ ስለማይበላሽ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል። ከተማ ውስጥም በልቼ አውቃለሁ፤ አንዱ ቤት ምን ዓይነት ቅባት እንደጨመረበት እንጃ፣ ከንፈሬ ላይ እንደ ሻማ ረግቶ ቀረ። እዚህ ግን ገብሱ በደንብ ስለተቆላ መጀመሪያ ጥርስ ላይ ይሰማል። ቀጥሎ ኮረሪማው ይመጣል። ቅቤው መጨረሻ ላይ፣ ከዋጡት በኋላ ነው የሚደርሰው። አምስት ስድስት ጉርሻ ያጠግባል። እኔ አሥር በላሁና እስከ ማታ እህል አላሰኘኝም።

እርጎው በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋ ነው። ጭሱ አፍንጫ ላይ ሳይሆን ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀረው። እማዬ አንድ ጊዜ ጠጣችለትና ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች ጥሩ ነው ማለት ነው። ከጭኮው ጋር አብራችሁ እዘዙት፤ ኮምጠጥ ማለቱ የጭኮውን ቅባት ያቀልለዋል።

አይቡ አልተመቸኝም፤ አጓቱ በደንብ አልተጠለለም። ጥብስም አለ፣ ግን ለጥብስ እንጦጦን መሻገር ምን ያስፈልጋል? ወተት ካማራችሁ አፍልተው እንዲያመጡላችሁ ንገሯቸው። የከብት ሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ካወቅኩ ወዲህ ጥሬው ቢቀርብልኝም አልነካውም። ስለ ሽንት ቤቱ አልጽፍም። ቤታችሁ ጨርሳችሁ ውጡ።

ሒሳቡ ለሁለት ሰው፣ ቡናው ሁለት ሁለት ስኒ ሆኖ፣ 540 ብር መጣ።

ልንነሳ ስንል ቅቤው መጣ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ። አምና ለፋሲካ እማዬ ከገበያ የገዛችው ቅቤ ሲነጠር ድስቱ ሥር ሊጥ የመሰለ ነገር ተርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም አታምንም። ቆንጠር አድርጋ እጇ ጀርባ ላይ አሸችው። አሸተተችው። ሙቅ ውሃ በብርጭቆ አስመጣችና ትንሽ ጣል አድርጋ፣ ሲቀልጥ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው።

ሴትየዋ ቅር አላት መሰለኝ፣ «እማማ፣ የራሴ ላም እኮ ነው!» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ላሚቱን መች ጠረጠርኳት» አለቻት እማዬ።

ሁለቱም ሳቁ። ቅቤው አለፈ። ሁለት ኪሎ ገዛን፤ እማዬ በኦሮምኛ ተከራክራ መቶ ብር አስቀነሰች።

መኪናዬ እስከ ማክሰኞ ቅቤ ቅቤ ሸተተች። አንዱ ኪሎ ለወጥ ተነጠረ። ከሌላው እማዬ ለጸጉሯ ወሰደችና እሁድን ሙሉ በሻሽ ተጠቅልላ ዋለች።